ሳር የበቀለበት አንጀት

ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ጋቢ ይለብሳል፣ የግድግዳ ሰዓት ይሸለማል። የእኔው ባል ማይክሮስኮፕ ታቅፎ መጣ።

እውነቴን ነው የምላችሁ። በዚያ በሐምሌ ጭቃ ከአዲሱ ገበያ በመጣው ሚኒባስ ሲወርድ ከሱቄ ደጃፍ ሆኜ አየሁት። አንድ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ደረቱ ላይ አስደግፎ ረዳቱን «ቀስ! ቀስ በል እንጂ!» እያለ ይቆጣል። ሕፃን መስሎኝ ክው አልኩ። በዚህ ዕድሜው ከየት አመጣው ብዬ።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩት።

«ስጦታዬ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሲሸኘኝ የሰጠኝ።»

ብርድ ልብሱን ገለጠው። ያ ዕድሜ ልኩን አጎንብሶ ሲያይበት የኖረው፣ ቀለሙ የተላላጠ፣ ከሥሩ ብርሃን መቀበያ መስታወት ያለው አሮጌ ማይክሮስኮፕ ነው።

«ወገብህን ያጎበጠውን ዕቃ መልሰው ሰጡህ?»

«አዎ!» አለኝ እንደ ሙሽራ ፈክቶ። ምን ትሉታላችሁ እንዲህ ያለውን ሰው?

ደገፋ ይባላል። ተወልዶ ያደገው እዚሁ ሱሉልታ ነው። እኔ አትክልት ነኝ፤ ወላጆቼ ከጎጃም መጥተው እዚህ መንገድ ዳር ሱቅ ከፈቱ፣ ሱቁም ለእኔ ተረፈ። እሱ ሲቆጣኝ በኦሮምኛ፣ እኔ ስቆጣው በአማርኛ፣ ስንታረቅ በሁለቱም ነው።

«ባልሽ ምን ይሠራል?» ሲሉኝ መልስ እየቸገረኝ ነው የኖርኩት። «አንጀት ይቆርጣል» ካልኩ ሉካንዳ ያለው ይመስላቸዋል፤ ለበዓል ቅርጫ አስገቢን ያሉኝም ነበሩ። የሚሠራው የእንስሳት ሐኪሞች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ነበር። ከሞተ ከብት ጥፍር የምታህል ቁራጭ ይወስዳል፤ በመድኃኒት ያጠነክራታል፣ ውኃዋን ያወጣል፣ ቀልጦ በተዘጋጀ ሰም ውስጥ ያስቀምጣታል። ሰሙ ሲደርቅ በማሽን ይቆርጣታል፤ ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስቶ። ያቺን የለችም የምትባል ነገር ለብ ያለ ውኃ ላይ ያንሳፍፍና በብርጭቆ ቁራጭ ያነሳታል፣ ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ያጠጣታል። ተማሪዎቹ በማይክሮስኮፕ የሚያዩት እሷን ነው። ደገፋ ዛሬም ሲያስነጥስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው። ቁራጯ እንዳትበርበት የለመደው ነገር ነው፣ አልለቀቀውም።

ከሁሉም የሚወደው ትንሹን አንጀት ነው። እኔ ሚስቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ስለ ትንሹ አንጀት ውበት ሲያወራ ቅንጣት አያፍርም። «ውይ እከሌ ሲያሳዝን፣ አንጀቴን በላው» ስል «የትኛውን ክፍል?» ይለኛል። ስንቴ በማማሰያ አባርሬዋለሁ መሰላችሁ።

ማይክሮስኮፑ የቀን ብርሃን ይፈልጋል ብሎ የሱቄን ባንኮኒ ያዘው። ዳቦ የምደረድርበትን፣ መስኮቱ ሥር ያለውን። ጮኽኩ። ማን ሰምቶኝ! ከዚያ ወዲያ ስኳር ሊገዛ የመጣ ሁሉ አንጀት አይቶ መሄድ ጀመረ። የወተት መኪና ሹፌሮች ሳይቀሩ ሞተር ሳያጠፉ ወርደው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ። ገሚሱማ ስኳሩን ረስቶ ይሄዳል። «ሳሙና ሸጥኩ ወይስ ቲያትር ቤት ከፈትኩ?» እያልኩ ስነጫነጭ ሰነበትኩ።

እኔ ራሴ አላይም ብዬ ብዙ ቆየሁ። እልህ ነዋ። አንድ ቀን እሱ ወጣ ሲል፣ ሰው እንዳላየኝ ግራ ቀኝ ቃኝቼ ዓይኔን ጣል አደረግኩ።

እናንተዬ! መስከረም ላይ የሱሉልታን ሜዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሳሩ ገና ሳይታጨድ፣ ከጉልበት በላይ ሆኖ ጥቅጥቅ ብሎ ሲቆም? አንጀት ውስጡ እሱ ነው። ልሙጥ ቱቦ ይመስለኝ ነበር፤ ሳር ነው የበቀለበት። እያንዳንዱ ሳር ደግሞ ዙሪያውን ትከሻ ለትከሻ ገጥመው በቆሙ ረጃጅም ሕዋሶች የተለበጠ ነው። ሐምራዊ አስኳላቸው ወደ ሥራቸው ወርዶ በአንድ መስመር ተሰልፏል። በመሃል በመሃላቸው ሆዳቸው የተነፋ፣ አንገታቸው የጠበበ፣ ባዶ ቅል የሚመስሉ አሉ።

ለካ ከኋላዬ ቆሞ ያየኛል። «እነዚያ ቅል የመሰሉት ንፍጥ የሚሠሩት ናቸው» አለኝ።

ዘልዬ ጣራ ልነካ ነበር። «አንጀት ደግሞ ንፍጥ አለው?»

«ባይኖረው የበላሽው ሁሉ እየፋቀሽ ያልፍ ነበር። አሁን የረጃጅሞቹን አናት እዪ። ቀጭን ሮዝ መስመር አይታይሽም? እሱ መስመር አይደለም። እያንዳንዷ ሕዋስ አናቷ ላይ እንደ ከፋይ ጨርቅ ጸጉር አላት። ጸጉሩ አንድ በአንድ የሚታየው በትልቁ በኤሌክትሮኑ ማይክሮስኮፕ ብቻ ነው። ምግብ ወደ ደም የሚገባው በእነሱ ነው።»

«ሳሩም ጸጉር አለው?»

«ሳሩም ጸጉር አለው» አለ። ሠላሳ ዓመት ጠብቆኝ ኖሯል። ከዚያን ቀን ወዲህ ዳቦዬን ወደ ጓዳ አዛወርኩ።

እንግዲህ ድንቅቱን ላስተዋውቃችሁ። የአጥር ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ በወተት የምትኖር። ከሙሽርነታችን ጀምሮ ጨው የተበዳደርን፣ ምጥ የተጠባበቅን ሰዎች ነን። ሻሼ የምትባል ላም አለቻት፤ ግንባሯ ላይ ሻሽ ያሰረች የምትመስል፣ የፈረንጅ ዲቃላ። ሻሼ ወተቷን ትሰጣለች፣ ጥጃ ግን አይበረክትላትም። ይወለዳል፣ ይቆማል፣ ሳምንት ሳይሞላው ተቅማጥ ይይዘውና ይሞታል። አንዱ ሞተ። ሁለተኛው ሞተ። ሻሼም እያረጀች ነው፤ የምትተካት ጊደር ካልተገኘች የድንቅቱ በረት ባዶ መቅረቱ ነው።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ደግሞ እኔ ምን አደርጋለሁ? ላሟ በወለደች ቁጥር እየሮጥኩ እሄድና «እሰይ! እንዴት ያምራል!» እላለሁ። ጥጃው ይሞታል። ሁለተኛው ከሞተ በኋላ ድንቅቱ በረቱ ደጃፍ ላይ መጋረጃ ሰቀለች። ሰላም ስላት «አካም ጅርታ» ብላ ሰላምታ ትመልሳለች፣ ዓይን ዓይኔን ግን አታይም። ገባኝ። ዓይንሽ ነው የበላብኝ ማለቷ ነው።

ተቀየምኩ ብላችሁ ውሸት ነው፤ ተቃጠልኩ እንጂ! አጥር ላይ ቆሜ ልሰድባት አስቤ ደገፋ በቀሚሴ ጎትቶ አስገባኝ። ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ። ሰው ከሌላው ቢመጣበት አንድ ነገር ነው፤ ከድንቄ!

ሦስተኛው ጥጃ ካቻምና በጠዋት ሞተ። ድንቅቱ በረቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እንባዋን ትጠርጋለች፤ እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ ልግባ እንዳልል መጋረጃው አለ። ያኔ ደገፋ ከቤት ምላጭና አንድ ብልቃጥ ይዞ ብቅ አለ።

«ድንቅቱ፣ እግዜር ያጽናሽ። ሳይቀዘቅዝ ከአንጀቱ ትንሽ ልውሰድ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! ሰው ሐዘን ላይ ተቀምጦ አንጀት ይለመናል? እሷ ግን ቀና ብላ አየችውና «ይውሰዱ ኦቦ ደገፋ። ለእኔ ምን ያደርግልኛል» አለች። ለእሱ ሁልጊዜ በእርስዎ ነው የምታወራው፤ «ኦቦ»ም አቶ ማለቷ ነው።

ቁራጯን ይዞ ወደ ድሮ ሥራ ቦታው ሄደ፤ እዚያ ያሉት የእሱ ተማሪዎች ስለሆኑ ማሽኑን አይከለክሉትም። በሳምንቱ ሦስት የብርጭቆ ቁራጮች በጥጥ ጠቅልሎ ተመለሰ። ማይክሮስኮፑን ፀሐይ በደንብ እንዲያገኘው ደጃፋችን ላይ በርጩማ አስቀምጦ ዘረጋና ድንቅቱን ጠራት። እሷ መጣች፤ እኔ ሱቅ ውስጥ ሆኜ ጆሮዬን አቆምኩ።

«ኢላሊ» አላት። እዪ ማለቱ ነው። «ይሄ የጤነኛ ጥጃ ነው።»

አየች። «ሳር ነው እንዴ?» አለች። እኔ በልቤ፣ አላልኩም! አልኩ።

«ደግ። አሁን ይሄ ያንቺ ጥጃ ነው።»

አንድ ዓይኗን ጨፍና ደጋግማ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ «ሳሩስ?» አለች።

«የለም።»

«የት ሄደ?»

«ጀርሞቹ ረጃጅሞቹን ሕዋሶች ጨረሷቸው። ሜዳው ከብት እንደሰነበተበት ሆኖ ቀረ። ሳር ከሌለ ወተት ቢጠጣም ወደ ደም አይገባም፤ ውኃ ሆኖ በኋላው ይወርዳል። ጥጃሽ ጠግቦ ነው በረሃብ የሞተው።»

ድንቅቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። እኔም እንባዬ መጣ፤ ለጥጃው ይሁን ለእሷ አላውቅም።

ሦስተኛውን ብርጭቆ አስገባላት። «ይሄ እንደተወለደ እንገር ጠጥቶ በአደጋ የሞተ ነው። ሕዋሶቹን ተመልከቺ። ምን ይታይሻል?»

«አረፋ» አለች። «ሁሉም አረፋ ይዘዋል።»

«እሱን ነው የምልሽ! አዲስ የተወለደ ጥጃ ደሙ ውስጥ በሽታ የሚከላከልበት ምንም የለውም፤ ከእናቱ የሚያገኘው በእንገሯ ብቻ ነው። እነዚህ ሕዋሶች እንገሩን እንዳለ፣ ሳያላምጡ፣ በአረፋ እየጠቀለሉ ወደ ደም ያሳልፋሉ። ይሄን የሚያደርጉት ግን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ነው። ሰዓት በሄደ ቁጥር በሩ እየጠበበ ይሄዳል፣ በማግሥቱ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ በርሜል ሙሉ እንገር ብታጠጪው ምግብ ይሆነዋል እንጂ ጋሻ አይሆነውም።»

ይሄኔ ነው ነገሩ የመጣው። በእኛ ሰፈር ላም ስትወልድ እንግዴ ልጁ እስኪወጣ ድረስ ማንም ጡቷን አይነካም። ቀድሞ ከታለበ እንግዴ ልጁ ውስጥ ይቀራል፣ ላሟም ትሞታለች ይባላል። አንዳንዴ ከጠዋት እስከ ማታ ይጠበቃል። ከወጣ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያው እንገር ይታለብና ተፈልቶ ለጎረቤት ይታደላል፤ ደስታ ነዋ! ጥጃው በማግሥቱ ይደርሰዋል። ድሮ ላሚቱ ሜዳ ላይ ስትወልድ ጥጃው ማንም ሳያይ ተነስቶ ይጠባ ነበር። አሁን በረት ውስጥ ለብቻው ታስሮ ይጠብቃል።

«እንግዲያ የሻሼን ሦስት እንገር ማን ጠጣው?» አለ ደገፋ።

ድንቅቱ ወደ ሱቄ ዞረች። እኔም ወደ እሷ። ሦስቱንም ጊዜ በጎድጓዳ ሳህን ልካልኝ፣ ጣቴን ልሼ ነበር። ሦስተኛው እንዲያውም በልጇ በሞቲ እጅ ነው የመጣው፤ ዓይኔን ፈርታም እንገሬን አልከለከለችኝም፣ ወግ ነዋ።

«የማንም ዓይን አይደለም» አለ ደገፋ። «አፋችሁ ነው።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ድንቅቱ ግን አልሳቀችም። «ኦቦ ደገፋ፣ እንግዴ ልጁ ሳይወጣ አልቤ ላሜ ብትሞትብኝስ? እርስዎ ይተኩልኛል?»

«መታለቡ እንዲወጣ ይረዳል እንጂ አያስቀርም። ማህፀኗን ያኮማትረዋል።» ከዚያ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ያየሁትን አሳየሁሽ። ላሟ ያንቺ ናት።»

ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። መጋረጃውም አልወረደም። ደገፋ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ የጎማ ጡት ያለው ጠርሙስ ገዝቶ በአጥሩ ላይ አቀበላት። ተቀበለችው። ምን ልታደርግበት እንዳሰበች አላወቅንም።

አምና ሻሼ እንደገና ከበደች። የድንቅቱ ልጅ ሞቲ ባጃጅ ነው የሚነዳው፤ ከእናቱ ጋር ሲነጋገር ከአጥር ወዲህ ቁልጭ ብሎ ይሰማኛል፣ ባልፈልግም። «እማ፣ በቃ! ይሄ ነገር አልሠራም። አሁን የሚወለደው ከሞተ ሻሼን ለሉካንዳ እሰጣታለሁ፣ በረቱንም አፍርሰን እናከራየዋለን። የሉካንዳውን ሰውዬ አናግሬዋለሁ።» እሷም «ከሞተ» አለች፣ «ከሞተ እሺ።» ሻሼ የድንቅቱ አባት ለሠርጓ ከሰጧት ላም ዘር የቀረች የመጨረሻዋ ናት። ያን ዕለት ስኳር ስመዝን ሚዛኑ ሲሳሳትብኝ ዋለ።

አሁን ዕድሌን ስሙ። ሻሼ የወለደችው ደገፋ ለሽምግልና ቡራዩ በሄደበት ቀን ነው! የጓደኛው ልጅ ሊያገባ፣ ሽማግሌ ሆኖ፣ ኮቱን ለብሶ። ቀትር ላይ ከአጥሩ ወዲያ «ኦቦ ደገፋ! ኦቦ ደገፋ!» የሚል ሰማሁ።

«የለም ድንቄ! ቡራዩ ነው!»

ስልኩን ሞከርኩ፤ ዘግቶታል። ሽማግሌ ሆኖ ተቀምጦ ስልክ አያነሳ! አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ደወልኩ። ከዚያ ድንቅቱ በቀጭን ድምፅ «አትኩ፣ ኮቱ» አለችኝ። አትክልት ነይ ማለቷ ነው።

እግሬ ተነስቶ ነበር፣ ምላሴ ቀደመው። «እኔን ነው? መጋረጃ የሰቀልሽብኝን? ዓይኔ እንዳይበላብሽ!»

«አትኩ፣ አንዱ ካላለበ አንዱ ካልያዘ አይሆንም። ሰው የለኝም።»

ያን ጊዜ ንዴቴ ጥፍት አለ። ሰው የለኝም ስትለኝ፣ እኔ ምኗ ነኝ? ሱቁን ክፍቱን ጥዬ ሮጥኩ። በረቱ ደጃፍ ስደርስ ግን መጋረጃው ፊቴ ላይ አለ፤ እሷም ይዛው ቆማለች፣ ልትገልጠው እጇ ይፈራል። የልቧን አውቀዋለሁ። እምነት በአንድ ቀን ማይክሮስኮፕ አይለቅም።

«ዓይኔን አስሬ እገባለሁ» አልኳት። ነጠላዬን አውልቄ ዓይኔ ላይ ጠመጠምኩና ከኋላ ቋጠርኩት። እጄን ይዛ አስገባችኝ።

አስቡት እንግዲህ! ትልቅ ሴትዮ፣ ዓይኗን ታስራ፣ ጭድ ላይ ተንበርክካ፣ ጥጃ በዳበሳ ስትፈልግ። አንድ እርጥብ፣ ሞቃት፣ የሚንቀጠቀጥ ነገር አገኘሁ። ጆሮ ነው ብዬ የያዝኩት ጅራት ሆነ። «ያ ዋቀዮ!» ብላ አምላኳን ጠራች ድንቅቱ፣ ትከሻዬን ይዛ ወደ ጥጃው ራስ አዞረችኝ። ሄዳም ሻሼ ሥር ቁጢጥ አለች። ጠርሙሱ ሲነካ ሰማሁ፤ ያ የደገፋ ጠርሙስ ነው። ደስ አለኝ።

የወተት ጢስስ የሚል ድምፅ እጠብቃለሁ፣ የለም።

«ምን ሆንሽ?»

«አልወጣም፣ አትኩ። እንግዴ ልጁ አልወጣም። ብትሞትብኝስ? ላሟም ጥጃውም ቢሄዱብኝ ሞቲን ምን እለዋለሁ?»

ደገፋ ቢኖር ስለ ማህፀን ያስረዳት ነበር። እኔ የማውቀው ያየሁትን ብቻ ነው። «ድንቄ፣ ያንን አረፋ ታስታውሺያለሽ? ሕዋሶቹ የያዙትን?»

«አስታውሳለሁ።»

«አሁን፣ እዚህ ጭኔ ላይ፣ በዚህች ሆድ ውስጥ እነዚያ ረጃጅሞቹ ተሰልፈው፣ አፋቸውን ከፍተው እየጠበቁሽ ነው። የሚሰጣቸው ካላገኙ ይዘጋሉ። ያንን የተላጨውን ሜዳ እንደገና ማየት ትፈልጊያለሽ? እኔ አልፈልግም! እኔ ሳሩን ነው ማየት የምፈልገው!» እየጮኽኩ ነበር ለካ። ጥጃዋ በድንጋጤ እግሬን ረገጠችኝ።

ከዚያ ጢስስ አለ። ጢስስ፣ ጢስስ። ያንን ድምፅ ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ እንደዚያን ቀን ግን ጣፍጦኝ አያውቅም።

ጠርሙሱን እጄ ላይ አደረገችው፤ ይሞቃል። የጎማውን ጡት ወደ አፏ ሰደድኩ፤ አፍንጫዋ ውስጥ አስገባሁባት መሰለኝ አስነጠሰች፣ ፊቴ እንገር ሆነ። እንደገና ሞከርኩ። ጣቴን ድዷ ላይ አድርጌ ጡቱን አስከትዬ አስገባሁ። አንዴ ላመጠችው። አቆመች። ከዚያ ሳበችው! ጠርሙሱን ከእጄ ልትነጥቀኝ እስክትደርስ በጉልበት ሳበችው! ጉሮሮዋ ጉልቅ ጉልቅ ሲል በመዳፌ ይሰማኛል።

«እየጠጣች ነው! ድንቄ፣ እየጠጣች ነው!»

ድንቅቱ ከኋላዬ መጥታ ነጠላዬን ስትፈታ ተሰማኝ። እጇ እንገር፣ እንገር ይላል። «ተይ» አልኳት፣ «ተይው፣ ይቅር፣ እስክትጨርስ።» ቋጠሮውን ጎትታ ፈታችው።

«ኢላሊ» አለችኝ። «ኢላሊ፣ አትኩ።»

ብርሃኑ መጀመሪያ አጥበረበረኝ። ከዚያ አየኋት። ጥቁር፣ ግንባሯ ላይ እንደ እናቷ ነጭ ሻሽ ያላት፣ አረፋ በአረፋ የሆነች ትንሽ አፍ፣ ሽፋሽፍቷ ገና እርጥብ። ሴት ናት። ድንቅቱን ቀና ብዬ አየኋት፤ ዓይን ዓይኔን እያየችኝ ነው፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። «እንዴት ታምራለች» ማለት አምሮኝ ፈራሁ። እሷው ጨረሰችልኝ፦ «በያት እንጂ! ታምራለች በያት!»

«ታምራለች!» አልኩ። ሁለታችንም ጭዱ ላይ ቁጭ ብለን እንደ እብድ ሳቅን፣ አለቀስን። ጥጃዋ ሁለተኛውን ጠርሙስ እየጠባች ሳለ ሻሼ አቃሰተች፣ እንግዴ ልጁም ዱብ አለ። ድንቅቱ ሄዳ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት።

ደገፋ አመሻሽ ላይ ሲደርስ ሱቁ ክፍት፣ ሚስት የለችም፣ ጎረቤት ዳቦ እየሸጠልኝ ነው። እየሮጠ መጣ። ስንነግረው ኮቱን ሳያወልቅ ጥጃዋ አጠገብ ተንበርክኮ ሆዷን በመዳፉ ዳበሰ። «ገብቷል» አለ ለራሱ፣ «ገብቷል።» ስለ ሽምግልናው ስጠይቀው ልጅቷን ሰጡን ወይስ አልሰጡንም የሚለውን እንኳ አላስታወሰም።

ያም ሆኖ ጭንቀቱ ወዲያው አላለቀም። የቀደሙት የሞቱበት ሳምንት አለ። ደገፋ ጠዋት ጠዋት አጥሩ ላይ ይንጠለጠልና «እበቱ እንዴት ነው?» ይላል። «ደህና አደርሽ» የለ፣ ምን የለ። መሃል ላይ አንድ ቀን ቀጠነ። ያን ቀን እሱም እኔም ምሳ አልበላንም፤ ሞቲም ባጃጁን አቁሞ ከበረቱ አልወጣ አለ።

በማግሥቱ ጠዋት ሱቄ በደንበኛ ጢም ብሏል። ድንቅቱ አንድ ነገር በፌስታል ይዛ፣ ሻሿ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ ሰዉን በክርኗ እየገፋች ገባች። «ኦቦ ደገፋ! ይዩት! ጠንክሯል!» ብላ ባንኮኒዬ ላይ፣ ማይክሮስኮፑ አጠገብ፣ ዘረጋችው። እበት! የምግብ ሱቅ ውስጥ! ሌላ ቀን ቢሆን ጩኸቴ ጫንጮ ከተማ ድረስ ይሰማ ነበር። ደገፋ ጎንበስ ብሎ አየው፣ አሸተተው፣ ቀና ሲል ፊቱ በራ። «ሳሩ ቆሟል!» ብሎ እጁን ወደ ላይ ወረወረ፣ ሰዉ ምን እንደሆነ ሳይገባው አጨበጨበ፤ እኔም እልል አልኩ። አንዲት ዘይት ልትገዛ የመጣች እንግዳ ሴትዮ ግን ወጥታ ሄደች፣ አልፈርድባትም።

ሞቲ ለሉካንዳው ሰውዬ ስልክ ሲደውል እኔው ሱቅ ውስጥ ነበር። «ተወው ብራዘር፣ ሻሼ አትሸጥም» አለው። እንገሩም መጣልኝ፤ ጥጃዋ ከጠጣች በኋላ የተረፈው፣ በዚያው ጎድጓዳ ሳህን። አሁን ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ላም ያላት ሁሉ መጀመሪያ ደገፋ ጋ መጥታ አረፋውን ታያለች፤ ባሌ ተሰልፈው ሲጠብቁት ጢሙን ተላጭቶ ነው የሚቀመጠው። ድንቅቱ መጋረጃውን አውርዳ ማድጋ መጥረጊያ አድርጋዋለች።

የጥጃዋን ስም ማንም አልነገራት፣ ራሷ አወጣችላት። እኔ የሰማሁት እንደ ሰፈሩ ሰው፣ ከአጥር ወዲያ ስትጠራት ነው። ዛሬ ጊደሯ አድጋ ከሜዳ ትመለሳለች፣ ድንቅቱም ማታ ማታ በሩን ከፍታ በሙሉ ድምፅዋ «ዓይኔ! ኮቱ ዓይኔ!» ትላለች። እኔ ሚዛን ላይ ስኳር ይዤ እንኳ ብሆን ከሱቅ ውስጥ «አቤት!» እላለሁ።